ክሩ የቀረጸው ጊታር

ስለ ጊታር ሲወራ ነገሩ ቶሎ ወደ እንጨቱ ይሄዳል። የፊቱ ጣውላ ከምን ዛፍ ተፈለጠ፣ ጀርባው የየት አገር እንጨት ነው፣ የሠራው ባለሙያ ማን ይባላል እያልን እንጠይቃለን። ክሩ ግን ሲያልቅ ተጥሎ የሚተካ ተራ ዕቃ ተደርጎ ስለሚቆጠር ታሪኩን የሚጠይቅለት የለም። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። የጊታር አንገት ርዝመት፣ የጣውላው ውፍረት፣ የድምፁ ከፍታ፣ የተጫዋቹ የጣት አያያዝ ሳይቀር የተወሰኑት ክሩ ምን ያህል ውጥረት እንደሚችልና ሳይበጠስ ምን ያህል እንደሚቆይ እየታየ ነው። ላለፉት 500 ዓመታት ዕድሜው የሚረዝም ክር በተገኘ ቁጥር መሣሪያው ለክሩ ሲባል ተለውጧል፤ ጆሮም ቀስ በቀስ አዲሱን ድምፅ ለምዶ ጥንትም እንዲህ ነበር ብሎ ተቀብሎታል። ይህን የተረዳ ሰው ዛሬ ሱቅ ገብቶ ክር ሲመርጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ይሆናል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጊታር የመጀመሪያ ክር የበግ አንጀት ነው። የአንድ በግ ቀጭን አንጀት ከ20 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። የአውሮፓ ክር ሠሪዎች ትኩሱን ከቄራ ይወስዱና ስቡንና ልባጩን ፍቀው፣ አመድ በተበጠበጠበት ውኃ ደጋግመው ዘፍዝፈው፣ ጠንካራውን ሽፋን ብቻ ያስቀሩ ነበር። ከዚያ እርጥቡን አንድ ላይ ገምደው፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረው፣ በድኝ ጭስ አጥነው ያደርቁታል፤ ሲደርቅ አሽተው ያለሰልሱትና የወይራ ዘይት ይቀቡታል። ለቀጭኗ ክር ጥቂት አንጀት ይበቃል፤ ለወፍራሞቹ ግን ብዙ መገመድ አለበት። ሥራው ሽታው የሚከብድና የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ ነው። የአንዱ በግ አንጀት ከሌላው ስለማይመሳሰልም በአንድ ቀን ሥራ ውስጥ እንኳ ጥሩውና መጥፎው ክር ጎን ለጎን ይወጣል። ሙዚቀኛው ገዝቶ ቤቱ እስኪገባ ድረስ የያዘው የትኛውን እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይችልም ነበር። ክሩ ለሳምንታት ሊቆይለት ይችላል፤ በመጀመሪያው ምሽት ሊበጠስበትም ይችላል።

ይህ ደካማነት መሣሪያውን እንዴት እንደቀረጸው ለማየት አንድ የተፈጥሮ ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ክር ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይበጠሳል። ያ ደረጃ ግን በክሩ ውፍረት አይወሰንም። ወፍራም ክር ብዙ ጉልበት ይችላል፤ ነገር ግን ከባድ በመሆኑ እዚያው ድምፅ ላይ ለመድረስ በዚያው ልክ ብዙ ጉልበት ይጠይቃልና ሁለቱ ይጣፋሉ። የሚወስኑት የክሩ ርዝመትና የተሠራበት ነገር ጥንካሬ ናቸው። ስለዚህ አንጀት የታሰረበት መሣሪያ አንገቱ ሲረዝም ቀጭኗ ክር ገና ከሚፈለገው ድምፅ ሳትደርስ ትበጠሳለች፤ ሲያጥር ደግሞ ወፍራሞቹ ክሮች ላልተው ይደነዝዛሉ። ስፔናዊው ሉዊስ ሚላን ለጊታር የቅርብ ዘመድ ለሆነው ለቪሁኤላ በ1536 ባሳተመው «ኤል ማኤስትሮ» በተባለ መማሪያ ውስጥ ተማሪው ቀጭኗን ክር እስከምትችለው ድረስ እንዲወጥራትና ሌሎቹን ከእሷ ተነሥቶ እንዲቃኝ ይመክራል። የጋራ የድምፅ መስፈሪያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የቅኝቱን ጣሪያ የሚያበጀው የበግ አንጀት አቅም ነበር ማለት ነው። እንጨት ሠሪው የአንገቱን ርዝመት ሲለካ የሚያሰላው ይህንኑ ነው።

የወፍራሞቹ ክሮች ድንዛዜ መፍትሔ ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። በአንጀት ወይም በሐር ላይ ቀጭን የመዳብ ወይም የብር ሽቦ መጠምጠም ተጀመረ። ጥምጥሙ ክሩን ሳያደነድነውና ከመጠን በላይ ሳያወፍረው ክብደት ስለሚሰጠው፣ አጭር አንገት ላይም ቢሆን የጠራ ወፍራም ድምፅ ማግኘት ተቻለ። ከዚያ በፊት የነበረው ጊታር ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታሰሩ አምስት ረድፍ ክሮች ነበሩት። በወፍራሙ ረድፍ ላይ ከጥንዱ አንዱን ቀጭን ማድረግ የተለመደውም በከፊል የደነዘዘውን ጓደኛውን እንዲያነቃው ነው። የተጠመጠመው ክር ከተስፋፋ በኋላ ግን ያ እገዛ አላስፈለገም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥንዶቹ እየቀሩ ስድስት ነጠላ ክሮች ያሉት ጊታር ወጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ሰውነቱን አስፍቶ፣ የክሩን ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲያጸናው የሠራው ለአንጀትና ለተጠመጠመ ሐር ነበር። ያ ልክ እስከ ዛሬ የክላሲካል ጊታር ልክ ነው፤ መነሻ የሆነው አንጀት ከቀረ ግን ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

ክር መምረጥና መጠበቅም ቢሆን አዲስ ሙያ አይደለም። ጀርመናዊው ሃንስ ጌርለ በ1532 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ክር ከመታሰሩ በፊት እንዴት እንደሚፈተን በሥዕል ጭምር አሳይቷል። ክሩ በሁለት እጅ ይወጠርና በጣት ይመታል፤ ሲንቀጠቀጥ ለዓይን ሁለት ንጹሕ መስመር ሆኖ ከታየ እውነተኛ ነው፣ የተወናበደ ብዙ መስመር ከታየ ግን ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ሐሰተኛ ነው፤ መሣሪያ ላይ ቢታሰርም ፈጽሞ አይቃኝም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሜስ ደግሞ በ1676 ለንደን ውስጥ ባሳተመው «ሚዩዚክስ ሞኑመንት» በተባለው ትልቅ መጽሐፉ የኡድ ዘመድ የሆነውን ሉት ቀን ቀን ሰው በሚተኛበት አልጋ ውስጥ በብርድ ልብሱ መካከል ማስቀመጥን ይመክራል፤ መለዋወጫ ክሮቹንም ዘይት በጠጣ ወረቀት ጠቅልሎ ከአየር መከለልን። ምክሩ ዛሬ የሚያስቅ ይመስል ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ጽኑ ነው። አንጀት እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቅኝቱ ይፈርሳል፣ ቶሎም ይበጠሳል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ደረቅና ለብ ያለ ስፍራ ሰው የሚተኛበት አልጋ ነበር። ሜስ የክሩን ጠላት ለይቶ ካወቀ በኋላ መድኃኒቱን በቤቱ ውስጥ ፈለገ። ስለ ክር አጠባበቅ እስከ ዛሬ የተሰጠ ጥሩ ምክር ሁሉ የተገነባው በዚሁ መንገድ ነው።

የአንጀት ክር ማዕከል ጣልያን ነበረች። በመካከለኛው ጣልያን አብሩዞ በተባለው ተራራማ አውራጃ፣ በግ በሚረባበት አገር፣ ሳሌ የተባለች ትንሽ መንደር ከነጎረቤቶቿ ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ስታወርስ ኖራለች። ከዚያ የወጡ ሰዎች ሙያውን ወደ ሮምና ወደ ኔፕልስ፣ በኋላም ባሕር አሻግረው ወሰዱት። ዛሬ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ክር አምራቾች አንዱ የሆነው የዳዳሪዮ ቤተሰብ የዚህችው መንደር ልጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒውዮርክ ገብቶ ኩዊንስ ውስጥ መጀመሪያ ከጣልያን የሚመጣ ክር እየሸጠ፣ ቀጥሎም ራሱ አንጀት እየገመደ ቆመ። በላቤላ ስም ክር የሚሸጠው የማሪ ቤተሰብም ሥሩ እዚያው ጣልያን ነው። እነዚህ ቤተሰቦች የተረፉት አንጀቱን የሙጥኝ በማለት አይደለም። አዲስ ነገር ሲመጣ መጥቶ ያገኛቸው ክር መጠምጠም የሚያውቁ እጆች ስለነበሯቸው ነው።

ከመጡት አዲስ ነገሮች የመጀመሪያው ብረት ነው። ጠንካራው የብረት ሽቦ የተሠራው በመጀመሪያ ለጊታር ተብሎ አልነበረም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፒያኖ ውጥረቱ እየጨመረ ሲሄድ የሚችለው ሽቦ ይፈለግ ነበር፤ በ1854 በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ጄምስ ሆርስፎል ሽቦን በልዩ የማሞቅና የማቀዝቀዝ ሥርዓት እጅግ የሚያጠነክር ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። አሜሪካ ውስጥ ማንዶሊንና ጊታር ይህንን ሽቦ ተቀበሉ። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የሃዋይ ሙዚቀኞች ካሰሙት በኋላ ደግሞ የብረት ክር ጊታር በአገሩ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። ለአንጀት የተሠራው ጊታር ግን ይህን አልቻለም። የዛሬ የናይሎን ክሮች ስድስቱ ተደምረው የፊቱን ጣውላ በ40 ኪሎ ያህል ይጎትቱታል፤ የአንጀቱም ውጥረት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቀጭን የሚባሉት የብረት ክሮች ግን ወደ 75 ኪሎ ይደርሳሉ። በአሜሪካ የታወቀው የማርቲን ፋብሪካ ከ1922 ጀምሮ ጊታሮቹን ለብረት ክር እያጠነከረ መሥራት ጀመረ፤ ጊብሰን ደግሞ በዚያው አስር ዓመት መጀመሪያ አንገት እንዳይጎብጥ ውስጡ የሚቀበር የብረት ዘንግ አስገባ። ጣውላው ወፈረ፣ ከሥሩ የሚደግፉት እንጨቶች ደነደኑ፣ አንገቱ ጠበበ፣ ጣትም በጥፍር ፋንታ መምቻ ያዘ። ዛሬ አኮስቲክ ጊታር የምንለው መሣሪያ ለአንድ ክር ሲባል እንደ አዲስ የተሠራ ጊታር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ብረትን ያስመረጠው ጉልበቱ እንጂ ዕድሜው አይደለም፤ ማጉያ በሌለበት ዘመን በጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ከባንጆና ከመለከት ጋር የሚሰማ ድምፅ ይፈለግ ነበር ይባላል። እውነት አለው፤ በትልልቆቹ አዳራሾች ዋናው ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአብዛኛው ጊታር ኑሮ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። በደብዳቤ ትእዛዝ ዕቃ ከሚልኩ የአሜሪካ መደብሮች ጊታር የሚገዛው ገበሬና የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ቤቱ በረንዳ ላይ ነበር የሚጫወተው። ለእሱ የብረት ክር ዋጋው የቀለለ፣ ዝናብ ሲመጣ ቅኝቱ የማይፈርስ፣ በወር ሦስት ጊዜ ሱቅ የማያስኬድ ክር ነው። አንጀት በመንደሩ ሱቅ ላይገኝ ይችላል፤ ሽቦ ግን ይገኛል። ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ የኤሌክትሪክ ማጉያ በ1930ዎቹ ሲመጣ የብረት ክር ያለው አኮስቲክ ጊታር ቦታውን ይለቅ ነበር። አለቀቀም፤ እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ። ከሚያቆዩት ምክንያቶች አንዱ የክሩ ጽናት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ለውጥ በጦርነት ምክንያት የመጣ ነው። ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስ የሚመራው ቡድን በ1935 ናይሎንን ሠራ፤ በ1938 ለሕዝብ ተነገረ፤ በ1940 የሴቶች ካልሲ ሆኖ ገበያ ወጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም አንጀት ለቁስል መስፊያ ስለተፈለገ የሙዚቃ ክር እጥረት ሆነ። ኒውዮርክ የነበረው ጊታር ሠሪ አልበርት ኦገስቲን፣ ታላቁ ስፔናዊ ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያ እያበረታታው፣ ከናይሎን ክር ለመሥራት ደከመ፤ በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽም ሥራው ተሳክቶለት ለሽያጭ ወጣ። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ድፍን ናይሎን ሆኑ። ሦስቱ ወፍራሞች ደግሞ የሐሩን እምብርት በናይሎን ጭረት ተክተው ብር የተቀባ የመዳብ ሽቦ ተጠመጠመባቸው። ናይሎን ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ እርጥበት ቢነካውም እንደ አንጀት አይሸነፍም፤ በቀላሉ አይበጠስም። ሴጎቪያ በየአገሩ ሲዞር በመድረክ መካከል ክር ይበጠስብኛል የሚል ስጋት ቀለለለት፤ ከጦርነቱ በኋላ በየከተማው የተከፈቱት የክላሲካል ጊታር ትምህርት ክፍሎችም ተማሪው ሊገዛው የሚችል ክር አገኙ።

ክርክሬን ከሁሉ የበለጠ የሚደግፈው ይህ ለውጥ ይመስለኛል። ሴጎቪያ ከ1927 እስከ 1939 ያስቀረጻቸው ሸክላዎች በአንጀት ክር የተጫወታቸው ናቸው፤ ከ1950 ወዲህ ያሉት በናይሎን ናቸው። ዛሬ ክላሲካል ጊታር ሲባል በጆሯችን የሚመጣው ለስላሳና ክብ ድምፅ የናይሎኑ ነው። ናይሎን ከአንጀት ይልቅ ቀላል ስለሆነ ለዚያው ድምፅ ወፈር ብሎ መሠራት አለበት፤ መወፈሩ ደግሞ የድምፁን ጫፍ ያለሰልሰዋል። አንጀት ሻከር ያለ፣ ጠርዙ የተሳለ፣ ቶሎ የሚነሣ ድምፅ ነበረው። ማንም ሰው ተሰብስቦ ለስላሳው ይሻለናል ብሎ አልወሰነም። የሚቆየው ክር መጣ፣ ድምፁ ተከተለ፣ ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ ያ ድምፅ የመሣሪያው ባሕርይ ተደርጎ በትምህርት ቤት ተሰጠ። አንጀት የሚወዱ ሰዎች ይህን እንደ ኪሳራ ያዩታል፤ ኪሳራ መኖሩን እኔም አልክድም። ነገር ግን የተበጠሰበትን ሁሉ በየጊዜው የሚተካበት ገንዘብ ለሌለው ብዙ ሺህ ተማሪ ጊታርን ያደረሰው ናይሎን ነው። አንድን ድምፅ አጥቶ ብዙ ተጫዋች ማግኘት ክፉ ልውውጥ አልነበረም።

ብረትም ቢሆን ዘላለማዊ ሆኖ አልተገኘም፤ ከአንጀት የተለየ ሞት ይሞታል። የብረት ክር በአብዛኛው ሳይበጠስ በፊት ድምፁ ይሞታል። በአኮስቲክ ጊታር ወፍራም ክሮች ላይ የሚጠመጠመው ነሐስ ሲባል የኖረው ቅልቅል በእርግጥ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ ነው፤ አዲስ ሳለ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ግን ቶሎ ይጠቁራል። በእጅ ላብ ውስጥ ያለው ጨውና አሲድ መዳቡን ይበላዋል፤ የቆዳ ቅባትና ፍቅፋቂ በጥምጥሙ ስንጥቆች ውስጥ ይቀረቀርና ክሩን አንድ ቦታ ከባድ ሌላ ቦታ ቀላል ያደርገዋል፤ ቀጫጭኑና ብሩህ የሆነው የድምፅ ክፍል በመጀመሪያ ይታፈናል፤ አንገቱ ላይ ያሉት የብረት ፍሬቶችም ከታች በኩል ክሩን ይቦረቡሩታል። በመጨረሻ ክሩ ሳይበጠስ ቅኝቱ ሐሰተኛ ይሆናል። ጌርለ በ1532 በዓይኑ ይፈልገው የነበረው ጉድለት ማለት ነው፤ ልዩነቱ በአንጀት ላይ ከሠሪው የሚመጣ ሲሆን በብረት ላይ ተጫዋቹ በገዛ እጁ የሚያመጣው መሆኑ ነው። ዳዳሪዮ በ1974 ለአኮስቲክ ጊታር ያወጣው የፎስፈር ነሐስ ጥምጥም፣ መዳብን ከቆርቆሮና ከጥቂት ፎስፈረስ ጋር የቀላቀለ፣ ዝገትን ይበልጥ ስለሚቋቋም ድምፁን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያል። ድምፁም ከ80/20ው ሞቅ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬ የአኮስቲክ ጊታር ትክክለኛ ድምፅ የሚለው እሱን ነው። ጆሮ ዘላቂውን ክር ተከትሎ ሄደ ያልኩት እዚህም ተደገመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ ክሩን ማልበስ ነው። ውኃ የማያስገባ ልብስ በመሥራት የሚታወቀው የጎር ኩባንያ መሐንዲስ ዴቭ ማየርስ አሪዞና ውስጥ የብስክሌት ገመድ በዚያው ቀጭን ፕላስቲክ ሽፋን ሲያለብስ ከቆየ በኋላ ሐሳቡ ወደ ጊታር ክር ዞረ፤ ኤሊክሲር የተባለው ክር በ1997 ገበያ ገባ። ቀደም ብለው ከሞከሩት የሚለየው ሽፋኑ በእያንዳንዱ የሽቦ ዙር ላይ ሳይሆን በተጠመጠመው ክር ሙሉ ገላ ላይ መልበሱ ነው፤ ላብና ቆሻሻ የሚገቡባቸው ስንጥቆች ተደፈኑ። ሌሎቹ አምራቾችም ተከተሉ። ተቃውሞው ወዲያው መጣ፤ የለበሰ ክር የታፈነ ነው፣ ጣት ላይ ያንሸራትታል፣ ሲቆይ ሽፋኑ ይበጣጠሳል፣ ዋጋው ውድ ነው ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ወፍራም ሽፋኖች ላይ ይህ ትክክል ነበር፤ አምራቾቹ ራሳቸው ሽፋኑን እያሳሱ መምጣታቸው ማስረጃ ነው። ዋጋውን በተመለከተ ግን ሒሳቡ መሠራት ያለበት በአንድ እሽግ አይደለም፤ ክሩ ጥሩ ድምፅ ሰጥቶ በቆየበት ጊዜ ነው። እጁ ብዙ የሚያልበው ሰው ያልለበሰውን ክር በጥቂት ቀን ይገድለዋል፤ ለእሱ ውዱ ክር ርካሽ ነው። እጁ ደረቅ የሆነና በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጫወት ሰው ግን ተጨማሪውን የሚከፍልበት ምክንያት ብዙም የለውም።

የዘላቂነትን ክርክር ከሌላ በኩል የሚፈትን አንድ ሰው አለ። ሞታውን የተባለው የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ የቤዝ ጊታር ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጄመርሰን በ1960ዎቹ በዓለም ዙሪያ የተሰሙትን የዲትሮይት ዘፈኖች ሲቀርጽ ለዓመታት ክር አይለውጥም ነበር፤ ያሰረውም ጥምጥሙ ጠፍጣፋ የሆነ ወፍራም የላቤላ ክር ነው። ብሩህነቱ ጠፍቶ የደነዘዘው ክር ለእሱ ዘፈን የሚያስፈልገውን ክብና አጭር ድምፅ ሰጠው። እንግዲህ የሞተ ክር የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ጣዕም ነው ሊባል ይችላል። እኔ ከዚህ የማገኘው ግን ሌላ ነው። ጠፍጣፋ ጥምጥም ቆሻሻ የሚገባበት ስንጥቅ ስለሌለው ሲያረጅ እኩል ያረጃል፤ ቅኝቱን አይስትም። ጄመርሰን ያስቀመጠው የሚያምር እርጅና ያለውን ክር ነው። ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት የአኮስቲክ ጊታር ክር ግን ብሩህነቱን ሲያጣ ቅኝቱንም ያጣል፤ ያንን የሚወድ ጆሮ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ክር ዕድሜ ከመነጋገር በፊት የትኛውን ድምፅ ለማቆየት እንደምንፈልግ መወሰን ይቀድማል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ምክር ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ጊታሩ ለየትኛው ክር እንደተሠራ ማየት ነው። ለናይሎን በተሠራ ጊታር ላይ ይቆይልኛል ብሎ ብረት ማሰር የፊቱን ጣውላ እያሳበጠ አንገቱን ያጎብጣል፤ ክሩ ቆይቶ ጊታሩ ይሞታል። ቀጥሎ ክሩን የሚገድለው ምን እንደሆነ መለየት ነው። ላብ ከሆነ የለበሰውን ወይም ፎስፈር ነሐሱን መምረጥ፣ ከመጫወት በፊት እጅ መታጠብ፣ ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ክሩን ከላይም ከሥርም መጥረግ። ይህ ምንም የማያስከፍል ልማድ ከማንኛውም ፈሳሽ መድኃኒት ይበልጣል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚበጠስ ከሆነ ጥፋቱ የክሩ አይደለም፤ ክሩ በሚያልፍበት ቁራጭ አጥንት፣ በፍሬቱ ወይም በመቃኛው ላይ የተሳለ ጠርዝ አለ፤ ጠርዙ እስኪለሰልስ ድረስ በጣም ውዱም ክር እዚያው ይበጠሳል። የናይሎን ክር ደግሞ ከታሰረ በኋላ ለቀናት ይለጠጣልና በመጀመሪያው ቀን ቅኝት አልያዘም ተብሎ መጣል የለበትም፤ ከሱ ቀድመው የሚሞቱት ብር የተቀቡት ወፍራሞቹ ስለሆኑም ሦስቱን ብቻ መቀየር ነውር የለውም። ክረምት ሲመጣ ጊታሩን በሳጥኑ ማስቀመጥ ከቶማስ ሜስ አልጋ የተለየ ጥበብ አይደለም።

የዘላቂ ክር ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ዋጋ አለው። የሚቆየው ሲመጣ የማይቆየውን የመሥራት ሙያ አብሮ ይጠፋል። በ1970ዎቹና 80ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የጥንቱን ሙዚቃ በጥንቱ ድምፅ መጫወት የፈለጉ ሰዎች ሲነሡ፣ የድሮው ወፍራም የአንጀት ክር እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚነግራቸው አላገኙም ማለት ይቻላል። ጣልያናዊው ሚሞ ፔሩፎ አሮጌ መጻሕፍትንና ሥዕሎችን እያገላበጠ፣ በቤተ መዘክር ባሉ መሣሪያዎች ላይ ያሉትን የክር ቀዳዳዎች ስፋት እየለካ ለዓመታት መመራመር ነበረበት። ከዚያ ምርምር አኲላ የተባለው ድርጅት ወጣ። ክብደቱ ከአንጀት ጋር የተስተካከለ፣ እርጥበት የማይፈራ ሰው ሠራሽ ክር ሠርቶም ለሉት፣ ለጊታርና ለዩኩሌሌ አቀረበ። አንጀቱን ጠንቅቆ ማጥናት የተሻለ ፕላስቲክ አስገኘ ማለት ነው። የድሮው ሙያ ባይመረመር ኖሮ አዲሱም አይገኝም ነበር።

ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። በገና አስር አውታሮቹ ከበግ አንጀት የሚገመዱ መሣሪያ ነው፤ ክራርም በአንጀትና በጅማት ሲደረደር ኖሯል። ዛሬ የከተማው ክራር በአብዛኛው ናይሎን ወይም የብረት ክር ነው፤ በገና ላይም ናይሎን የሚያስሩ አሉ። ምክንያታቸው የሴጎቪያና የአሜሪካው ገበሬ ምክንያት ነው፤ ክሩ ይገኛል፣ ይቆያል፣ ቅኝት ይይዛል። በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። ነገር ግን የበገና ድምፅ ከጊታር ይልቅ በክሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ አውታሩ ሲመታ እየነካካችው ያንን ነዛሪ ድምፅ ታወጣለች፤ የአውታሩ ክብደት፣ ሸካራነትና ልስላሴ ሲለወጥ የእንዚራዋ አቀማመጥም ሆነ የሚወጣው ድምፅ ይለወጣል። ናይሎን የታሰረበት በገና ብቻ የሰማ ትውልድ፣ እንደ ክላሲካል ጊታሩ ሁሉ፣ የበገና ድምፅ ጥንትም ይኸው ነበር ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ በገናና ክራር ለምትሠሩ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ለምታስተምሩና ለምትማሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። ናይሎኑን ጣሉ አልልም። አንጀቱን አጥቦ፣ ገምዶና ወጥሮ የማድረቁን ሙያ የሚያውቁ አባቶች ጋ ግን ሄዳችሁ፣ የበጉ ዕድሜ ስንት እንደሚሆን፣ ለየትኛው አውታር ስንት ፈትል እንደሚገመድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ ጠይቁ፤ በጽሑፍም በቪዲዮም አስቀሩ፤ በአንጀት የተደረደረ በገናና በናይሎን የተደረደረ በገናም ጎን ለጎን ቅረጹ።